እንደራሴያችንን ምን እንጠይቃቸው?

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ከአገር ቤት ድረስ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ለቆማችሁት ወንበር እየመጣ ነው። ወጣቶች፣ እስከዚያው ለእናቶች ተነሱላቸው።

የዓመቱ የሥራ ክንውን በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በእጃችሁ ገብቷል። እሱን እዚህ ቆሜ አላነብላችሁም። ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ሌላ ጉዳይ ነው። ፓርላማ ውስጥ ስለ ጤናና ስለ ገጠር ሲወራ የእኛ ወረዳ ሰው ጉዳይ የት ይገባል?

«ሊቀመንበሩ ፖለቲካ ጀመረ» እንዳትሉኝ። ይሄ የልማት ማህበር ነው። የማንም ፓርቲ አይደለም፣ ወደፊትም አይሆንም። ግን የጤና ጣቢያችን ዕጣ የሚቆረጠው ምክር ቤት ውስጥ ነው። እኛ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ስናዋጣ እዚያ ምን እንደተባለ ካልተከታተልን፣ የምንደክመው በአንድ እጃችን ብቻ ነው።

ስብሰባውን በቴሌቪዥን ያየ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ሚኒስቴሩ የስድስት ወር ወይም የዘጠኝ ወር ሪፖርት ያቀርባል። ስላይዱ በመቶኛ የተሞላ ነው። ከዚያ አባላት እጅ ያወጣሉ። አንዱ የባለሙያ እጥረት አለ ይላሉ። ሌላዋ የመድኃኒት አቅርቦት ችግር አለ ይላሉ። መልሱም ይመጣል፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ከክልሎች ጋር እየሠራንበት ነው። አለቀ። ጥያቄው ጥቅል ስለሆነ መልሱም ጥቅል ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኔም ሚኒስትር ብሆን እንደዚያው ነበር የምመልሰው።

እንደራሴዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ሥልጣኑ አላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርተው እንዲጠይቁ ይፈቅድላቸዋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። የአፍሪካ መሪዎችም በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እናደርጋለን ብለው ቃል ገብተዋል። አብዛኛው አገር እዚያ አልደረሰም። ወረቀቱ ግን አለ። የጎደለው ከታች የሚመጣው ዝርዝር ነው። እሱን ማቀበል ያለብን ደግሞ እኛ ነን።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የገጠር ጤና በአገራችን ከክርክር ይልቅ በመከራ ሲገፋ የኖረ ጉዳይ ነው። በ1945 ዓ.ም. ጎንደር አካባቢ ባለችው ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው። ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን የሚባለው የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ገጠር እንዲወጡ ታስቦ ነበር። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወባ ተመልሳ መጣች። ያኔ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት አባቶች ይህን ዘመን በልጅነታቸው ያዩት ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ግን ወረርሽኝ አስገድዶት የተጀመረ አይደለም፤ ታስቦበት ነው። በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁለት ወጣት ሴቶች ለአንድ ቀበሌ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ቋንቋውንና ሰዉን የሚያውቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። ሲጀመር 16 ፓኬጅ ነበር የተሰጣቸው፤ ከክትባት እስከ መጸዳጃ ቤት። ለውጥ መጥቷል፣ መካድ አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ። ግን ቁጥሩን ከፈት አድርጋችሁ እዩት። በከተማ 79፣ በገጠር 20። ምክር ቤት ውስጥ አማካዩ ከተነገረ ጭብጨባ ነው። የገጠሩ ለብቻው ከተነገረ ሌላ ወሬ ይሆናል።

ጤና ኬላ ገብታችሁ የማታውቁ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳለ የቀበሌ ካርታ ታገኛላችሁ። ወንዙ በሰማያዊ፣ ትምህርት ቤቱ በቀይ። ከጎኑ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ በየጎጡ የተደረደረ የቤተሰብ ማህደር። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር አለው። ማን ነፍሰ ጡር ናት፣ የማን ልጅ ክትባት አቋረጠ፣ ማን መጸዳጃ ቆፈረ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። አዲስ አበባ ላይ በመቶኛ የሚቀርበው ነገር እዚያ መደርደሪያ ላይ በስም ተቀምጧል። በሩ ጥግ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን አለ። የኬላዋ ውሃ እሱ ነው።

ጀሪካኑን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ምክር ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ሕንጻ ነው። ጤና ጣቢያ ይሠራልን፣ ሆስፒታል ደረጃው ይደግልን። ሕንጻ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። ውሃው፣ የፍሪጁ መብራት፣ የአምቡላንሱ ጎማ፣ የማታ ተረኛዋ አበል ሪባን የላቸውም። እነዚህ ከሥራ ማስኬጃ የሚወጡ ናቸው። ሥራ ማስኬጃው ደግሞ ከፌዴራል በድጎማ ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ ወርዶ የወረዳው ምክር ቤት የሚያጸድቀው ነው። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ፈቅ አያደርግም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ አለ። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የሚሰጥ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ቀናት ሙሉ ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ መድኃኒቱ አቅሙን ያጣል። ጠርሙሱን በማየት ብቻ መበላሸቱን አታውቁም፤ ያው ነው የሚመስለው። ታዲያ ይሄ የማን ጥያቄ ነው? የምክር ቤቱ የጤና ቋሚ ኮሚቴ የመብራት ጉዳይ ነው ይል ይሆናል። መብራትን የሚከታተለው ኮሚቴ ስለ ወላድ እናት አያስብ ይሆናል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ካልተናገረ ጉዳዩ መሐል ላይ ይቀራል።

የጤና መድኑም እንደዚያው ነው። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው ዛሬ ወደየቤታችን የደረሰው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ዕድር ያለው ሕዝብ ይሄንን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው እህል ከተወቃ በኋላ ነው፤ ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲኖር። እስቲ አስቡት። ማዳበሪያ ዘግይቶ ገባ እንበል። ምርቱ አነሰ። የመድን ካርዱን የሚያሳድስበት አጣ። የማዳበሪያው ጥያቄ ለግብርና ቋሚ ኮሚቴ ይቀርባል፣ የመድኑ ለጤና ቋሚ ኮሚቴ። እዚያ ሁለት ኮሚቴ ነው፣ እዚህ አንድ ኪስ ነው።

ካርዱን ያሳደሰውስ? ባለፈው ዓመት አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ይቅር። ካርዷን አሳየች፣ ተመረመረች፣ ሐኪሙም ጥሩ ልጅ ነው። ማዘዣውን ይዘን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ስንደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን። ከውጭ ለመግዛት ከተማ መውጣት ነው። አክስቴ መንገድ ላይ «ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ነው የከፈልኩት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓመት ካላሳደሰች አልፈርድባትም። እሷና መሰሎቿ ሲወጡ የመድኑ የጋራ ገንዘብ ቋት ይሳሳል። ቋቱ ሲሳሳ መድኃኒት መግዣው ይቀንሳል። መድኃኒቱ ሲጠፋ ሌላው ይወጣል።

በነገራችን ላይ የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ፣ ቁጥር 690/2002፣ ምክር ቤቱ ካጸደቀው ቆየ። ለደመወዝተኛው የታሰበው ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዜ 3 በመቶ አይቆረጥም ብሎ አጉረመረመ። ተሰማ። ሥራ ላይ መዋሉ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ተዉት። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቢሮ ያለው ሰው ሲያጉረመርም አዋጅ ይቆማል። ገበሬው ሲያጉረመርም ደግሞ ግንዛቤ ይፈጠርለት ይባላል።

እንግዲህ ሥራ አመራሩ ምን ያስባል? ለጤና ጣቢያው አዲስ ሕንጻ ለመጨመር ከአባላት የመጣውን ሐሳብ አልጣልነውም። ግን ዘንድሮ ቅድሚያ እንዲሰጠው የምንጠይቀው ለመረጃ ሥራ ነው። ከመካከላችን ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ ሒሳብ አዋቂዎች አሉ። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግረው፣ ፈቃድ አግኝተው ጥቂት ነገሮችን ይመዝግቡ። አሞክሲሲሊን የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት በዓመት ውስጥ ስንት ቀን ጠፋ? ይሄ ሚስጥር አይደለም፣ የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ አለ። አምቡላንሱ ስንት ቀን ቆመ፣ በነዳጅ ነው በጥገና? ማታ ሲደወል የሚነሳ ሰው አለ? ከየትኛው ጎጥ ነው እናት ዛሬም በቃሬዛ የምትመጣው፣ ክረምት ላይ የትኛው ወንዝ ነው የሚያስቀራት? የቤተሰብ ስም አያስፈልገንም። ቁጥሩና ቦታው ይበቃል።

እንደራሴያችን ይሄንን በአንድ ገጽ ከያዙ ጥያቄያቸው ይለወጣል። የመድኃኒት እጥረት አለ ማለት ቀርቶ፣ በዚህ ጤና ጣቢያ ይህ መድኃኒት ይህን ያህል ቀን አልነበረም፣ የመድኑ ገንዘብ ግን ተሰብስቧል፣ የት ሄደ? ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ ጥቅል መልስ መስጠት ከባድ ነው። ያንኑ ገጽ ለወረዳው ምክር ቤትም እንሰጣለን። እንዲያውም የነዳጁና የጀሪካኑ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው። ወረዳውን ዘለን ፓርላማ የምንሄድ ከሆነ ትልቅ ስም ይዘን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። መሐል ላይ አንድ ወር እረፍት አለው። እንደራሴዎቹ መራጩ ዘንድ ሲወርዱ ነው ማግኘት ያለብን፤ በጀት ከመታሰሩ በፊት። ሐምሌ ላይ ብንጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ከመንግሥት ጋር ያጣላናል» ትሉ ይሆናል። ትናንት ማታ ስልክ የደወላችሁልኝም አላችሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል። የምንይዘው ግን ራሱ ጤና ጣቢያው የጻፈውን ቁጥር ነው። ባለሙያዎቹም ይሄንን የሚጠሉት አይመስለኝም። መስኮት ላይ ቆሞ «የለም» ማለት የሚያሳፍረው ከማንም በፊት እነሱን ነው። ውጭ አገር ያላችሁ አባሎቻችን ደግሞ በየጊዜው ዕቃ ትልካላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመላካችሁ በፊት ግን ወረዳው ጥገናውን የሚችለው መሆኑን ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ማሽን መጋዘን ነው የሚያጨናንቀው።

ይህ ሐሳብ በአጀንዳ ቁጥር 3 ከሰዓት ይቀርባል። ያልተስማማችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ በሻይ ሰዓት ጥግ ይዛችሁ አትሙ። ለኮሚቴው የምትሆኑ ባለሙያዎች ስማችሁን መግቢያው ላይ ለተቀመጠችው ጸሐፊያችን አስመዝግቡ።

ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ይዘው ወደ መድረክ እንዲመጡ በአክብሮት እጋብዛለሁ።