ከእናቴ ድምፅ ስር የተሰማው ሬዲዮ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የምቀዳውም ፉሪ፣ ከተማው ዳር ካለው ቤታችን ሆኜ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴን ቁጭ አድርጌ የልጅነቷን ታሪክ እየቀዳሁ ነበር። አያቴ የሞተበት ቀን ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። የማይኩን መጠን ከፍ አደረግኩ። በጆሮ ማዳመጫው ከሷ ድምፅ ስር አንድ ሰውዬ ዜና ያነባል። ቤት ውስጥ የተከፈተ ሬዲዮ የለም።

በሶፍትዌር ላጠራው ሞከርኩ። ሁለቱም የሰው ድምፅ ነው። የሰውየውን ስቀንስ የእናቴም አብሮ ይሳሳል።

የማይክ ኬብል ሳይታሰብ አንቴና ይሆናል። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ከ500 እስከ 1,600 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፤ ጆሯችን ግን ከ20 ኪሎኸርዝ አያልፍም። ስለዚህ ሞገዱ ራሱ አይሰማም። ችግሩ ማይኩ የሚሰካበት መሣሪያ፣ የሚክሰሩ፣ የመጀመሪያ ትራንዚስተር (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ንግግሩ ከሞገዱ ላይ ይገፈፋል። አንዴ ከተገፈፈ በቃ፣ ድምፅ ሆኗል።

እኛ ሰፈር ክረምት ላይ ጭቃው አይጣል ነው። እናቴ ጫማውን በር ላይ ያላወለቀ አታስገባም። የማጣሪያም ቦታው በሩ ላይ ነው፤ ኬብሉ የሚሰካበት አፍ።

ሚክሰሩን ፈታሁት። የኬብሉ ሺልድ (የውስጥ ሽቦዎቹን የሚሸፍነው ብረት)፣ ማለትም ከሶኬቱ ሦስት እግሮች ፒን 1 የሚባለው፣ በረጅም ሽቦ ሰርኪዩቱ መሃል ድረስ ይገባል። የሰበሰበውን ሬዲዮ ሁሉ ይዞ ሳሎን ይዘልቃል ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን «የፒን 1 ችግር» ይሉታል፤ በሰፊው የታወቀው ኒል መንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ሽቦውን ቆርጬ እዚያው ሶኬቱ ጀርባ ከብረት ሳጥኑ ጋር በየድኩት። ሳጥኑ ከሰርኪዩቱ ግራውንድ (የጋራ መመለሻ መስመር) ጋር በሌላ በኩል መገናኘቱን ግን አስቀድሜ አረጋግጫለሁ።

ከዚያ የማይኩን ድምፅ ከሚያመጡት ከፒን 2 እና ከፒን 3 ወደ ሳጥኑ አንድ አንድ የ1,000 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩ፤ ካፓሲተር ሞገዱ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። በ20 ኪሎኸርዝ የሚከለክልበት መጠን 8,000 ኦም ገደማ ስለሆነ የማይኩን ድምፅ አይነካም። በ1,000 ኪሎኸርዝ ግን ወደ 160 ይወርዳል፤ ሬዲዮው ወደ ሳጥኑ ይፈሳል። ሁለቱ ካፓሲተሮች እኩል፣ እግራቸውም አጭር ይሁን። ጊታር በቀጥታ የሚሰካበት ላይ ግን ይህን መጠን አታድርጉ፣ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል።

ማታ ሞከርኩት። ዝም። እናቴ ስለ ሠርጓ አወራችልኝ፣ ጥርት ብሎ ተቀዳ። የአያቴን ሞት ግን ደግማ አላወራችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ዜና የተቀላቀለበትን ያንን ቀረጻ አስቀምጬዋለሁ።