አሥራ አንዱ ወር የት ገባ?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የድሬ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከሳቢያንም ከገንደ ቆሬም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ጥፋተኛ ነበርኩ፣ መጀመሪያ ይሄን ልናገር። ጠብ ውስጥ ገብቼ ሰው ጎድቻለሁ፣ ችሎት ፊትም አምኛለሁ። የማወራችሁ ስለ ቅጣቱ ስሌት ነው።

3 ዓመት ተፈረደብኝ። ከፍርዱ በፊት ግን ዋስትና ተከልክዬ 11 ወር ታስሬያለሁ። ይሄ ጊዜ ከቅጣቱ ላይ ሊታሰብልኝ ይገባ ነበር፣ አልታሰበም። የፍርዱ ግልባጭ እጄ የገባው ከ2 ወር በኋላ ነው። አጣጥፌ ፍራሼ ስር ከተትኩት፣ ምክንያቱም አንዴ “ተፈርዶብሃል” ከተባልኩ ወዲያ የተጻፈው ሁሉ ለእኔ ያው ነበር።

ያየልኝ አንድ ጠና ያለ እስረኛ ነው። “አምጣው እስቲ” አለኝ። ወረቀቱ በላብ ተጣብቆ ስለነበር ስንዘረጋው እጥፋቱ ላይ ተቀደደ። ጣቱን በየመስመሩ እየጎተተ አነበበና አንድ ቀን ላይ ቆመ። ቅጣቱ መታሰብ የሚጀምርበት ቀን ተብሎ የተጻፈው ፍርዱ የተሰጠበት ቀን ነበር።

“አንተ መቼ ነው የተያዝከው?”

ነገርኩት።

“ታዲያ አሥራ አንዱ ወር የት ገባ?”

አቦ፣ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ መፈታት፣ የሚጠየቀው የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ሲያልቅ ነው፣ ከ36 ወር 24 ወር ማለት ነው። 11 ወሩ ሲታሰብልኝ ከፍርዱ በኋላ የሚቀረኝ 13 ወር ነው፣ ካልታሰበልኝ ግን 24 ወር ሙሉ ልጠብቅ ነው። እናቴ ምግብ ተሸክማ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ አስቡት።

ይግባኝ ማለት ማንም የሚያደርግልን ውለታ አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተጻፈ መብት ነው። ግን ጊዜ አለው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ እንደምትሉ በ15 ቀን ታሳውቃላችሁ፣ ግልባጩ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ማመልከቻውን በ30 ቀን ታስገባላችሁ። የኔ 15 ቀን አልፎ ነበር። ሰውየው ግን በራስህ ጥፋት ካልዘገየህ በአንቀጽ 191 ማስፈቀድ ትችላለህ አለኝ። ማታ ማታ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በቢክ ጻፈልኝ፣ አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ነበር፣ አንድም ስርዝ የለውም። ማመልከቻው በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ሄደ። ተፈቀደልኝ፣ 11 ወሩም ታሰበልኝ።

እሱ ዛሬም እዚያው ነው። ለሱ ግልባጭ የሚያነብለት ሰው አልነበረም።

ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ እስረኛ ስትጠይቁ ከምግቡ ጋር ግልባጩንም ጠይቁ። የተያዘበትን ቀን ፈልጉ። የቀድሞ ጥፋት አለመኖሩ፣ መጸጸቱ፣ በቅጣት ማቅለያነት ተይዞለት እንደሆነ እዩ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ላይ አስፍሮታል።

ዛሬ ግልባጭ ይዞ የመጣ ካለ እንዳይሄድ። በሩ ጋ ወንበር አስቀምጫለሁ፣ ቀኑን አብረን እንቆጥራለን።