ሰኞ አይሲዩ ልገባ ነው

እሺ፣ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ የተጻፈ ምናምንም አላዘጋጀሁም። ሰኞ አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ህሙማን ክፍል፣ እገባለሁ። ለማታውቁኝ፣ የኢንተርናል ሜዲስን ሬዚደንት ነኝ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለመሆን የምሰለጥን ሐኪም ማለት ነው፣ ያው ከዋርድ ድንገተኛ፣ ከድንገተኛ ዲያሊሲስ እያልን እንዞራለን፣ አይሲዩ ላይ ሲደርስ ግን የሁሉም ሰው ፊት ይቀየራል። የሮቴሽኑ ፕሮግራም ግሩፓችን ላይ የተለጠፈ ቀን "አይዞሽ" ብሎ የጻፈልኝ ሰው ብዛት፣ ለቅሶ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ።

ስሜቱ ምንድነው ካላችሁኝ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጓጉቻለሁ። ትልቁ ደም ስር ውስጥ የሚገባውን ቱቦ፣ ሴንትራል ላይን ማስገባት፣ ኢንቱቤት ማድረግ፣ ማለትም የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ማስገባት፣ እጄ እንዲፍታታ እፈልጋለሁ፣ ይሄን ጮክ ብሎ መናገር ደግሞ ትንሽ ያሳፍራል ምክንያቱም አንቺ የምትጓጊለት ነገር ለአንድ ቤተሰብ የህይወቱ ክፉ ቀን ነው። ሁለቱ አብረው ሆድሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም። እንቅልፍም ይነሳል በነገራችን ላይ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ የወረደ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገውን የኖርአድሬናሊን ዶዝ ሳሰላ ራሴን አገኘዋለሁ።

ማሽኑ ግን ይጠናል። ቬንቲሌተር፣ የመተንፈሻ ማሽኑ፣ ከሩቅ ያስፈራል እንጂ ህግ አለው። የሳንባው ጉዳት ከባድ የሆነ በሽተኛ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትሰጪው አየር በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ነው፣ ያውም ሚዛን ላይ በሚወጣው ኪሎ ሳይሆን ከቁመት በሚሰላው፣ ሰው ስለወፈረ ሳንባው አይሰፋማ። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነው፣ በኪሎ 12 ከመስጠት 6 መስጠት ሞትን ከ40 በመቶ ገደማ ወደ 31 አወረደው። አለቀ፣ ይሸመደዳል። ካልገባሽ ሲኒየር ትጠሪያለሽ፣ የሚቆጣም ይኖራል፣ ይቆጣ።

ደግሞ አንድ ታሪክ አለ በጣም ያጽናናኝ። አይሲዩ የሚባለው ነገር ሲጀመር ማሽኑ ተማሪ ነበር። የምሬን ነው። 1952፣ ኮፐንሃገን፣ ፖሊዮ ገብቶ ልጆች መተንፈስ ሲያቅታቸው መተንፈሻ ማሽኖቹ ደግሞ እፍኝ አይሞሉም፣ ቢዮርን ኢብሰን የሚባል አኔስቴዥያ ሐኪም ጉሮሯቸው ላይ ቱቦ አስገብተን በእጅ እንንፋላቸው አለ። ማን ይንፋ? ወደ 1,500 የሚጠጉ የህክምና ተማሪዎች በፈረቃ፣ ቀንም ሌሊትም፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ባግ እየጨመቁ። አስቡት፣ ከኔ ያነሱ ልጆች ናቸው። እነሱም ከመጀመሪያው ፈረቃቸው በፊት ያለው ሌሊት እንዴት አድረው ይሆን እላለሁ።

እኛ ጋ ማሽን ሲጠፋ ግን አምቡ ባጉን፣ ያንኑ በእጅ የሚጨመቀውን ባግ፣ ተማሪ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አስታማሚ ነው። ድንገተኛ እያለሁ አንድ ልጅ ነበር፣ እህቱን እየነፋ፣ አይሲዩ አልጋ እስኪገኝ ብለን ያስያዝነው። ቀኝ እጁ ሲዝል ወደ ግራ ያዞረዋል፣ ከንፈሩ ላይ ይቆጥራል፣ የአጎቱ ልጅ ልቀበልህ ሲለው ጭንቅላቱን ብቻ ይነቀንቃል። ማታ ላይ ልቧ ቆመ፣ ልቧን ለመመለስ ሲፒአር ተሰራ፣ አልተመለሰችም። እና ያን ባግ ከእጁ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል፣ አይደል? ሲኒየሬ ነበረች ያደረገችው። እጁን በሁለት እጇ ይዛ "ወንድሜ፣ በቃ" አለችው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ቆማ፣ ስትሬቸር በመሃላቸው እያለፈ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ዱቲ ላይ ያንን የምትለው እኔ ነኝ።

ምክንያቱም እስቲ አስቡት፣ እኛ መርዶ ወግ ያለው ህዝብ ነን። በስልክ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም፣ ሰው ለብቻው እያለ አይነገርም። ሽማግሌ ይጠራል፣ ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል። ዲሲም ሆነ ፍራንክፈርት ያለው ሳይቀር ጓደኞቹ ተጠራርተው ሰውየው ስራ ሳይወጣ በሩን ያንኳኳሉ። ዶክተሯ ደግሞ ሌሊት፣ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ላይ ያሸለበውን አባት ቀስቅሳ፣ ያንን ሁሉ ወግ በ2 ደቂቃ ታፈርሰዋለች። ቤተሰቡ ራሱ ደግሞ "ለእናቷ እንዳትነግሪ፣ እኛ ቤት ወስደን በስርዓቱ እንነግራታለን" ይልሻል፣ እናትየው ደግሞ እዛው ቆማ አይን አይንሽን ታያለች። ምን ትያለሽ? እውነቱን መደበቅ አልወድም፣ ግን በዚህኛው ቤተሰቡ ልክ ነው ባይ ነኝ፣ ለነገሩ አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም።

የሚገርመው ፈረንጆቹም ስፓይክስ የሚሉት ባለ 6 ደረጃ መመሪያ አላቸው፣ እሱም በ2000 የወጣ፣ ክፉ ዜና እንዴት ይነገራል የሚል። የመጀመሪያው ደረጃ ምን መሰላችሁ፣ ገለል ያለ ቦታ ፈልግ፣ ቁጭ በል፣ የሚቀርበውን ሰው አብረህ አስቀምጥ። አያቴ ያለ መመሪያ ታውቀዋለች።

ቦታ የለም እንዳልል ደግሞ አለ። የምገባበት አይሲዩ በር ላይ "የቤተሰብ ማነጋገሪያ" የሚል የተለጠፈበት ክፍል አለ፣ ተቆልፎ፣ ውስጡ የጓንት ካርቶንና የተበላሸ ሞኒተር ተከምሮበታል ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ራውንድ፣ የበሽተኞች ጉብኝቱ፣ ሳይጀመር ዋና ነርሷን የምጠይቃት ስለ ቬንቲሌተሩ አይደለም፣ የዛ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ነው። ካርቶኑን እኔ አወጣዋለሁ፣ 3 ወንበር ብቻ ነው የምፈልገው።

በሉ፣ ቻው።