ፎቶ ከብረት፣ ከብር፣ ከቅጠል፦ የድሮ ማተሚያ ዘዴዎች ለአርቲስት

ሰላም እንዴት ናችሁ። ዛሬ የድሮ ፎቶ ማተሚያ ዘዴዎችን ነው ምናየው፣ ፕሪንተር ምናምን ሳይኖር ሰው በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ኬሚካል እየቀባ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረ ፎቶ ያወጣባቸው የነበሩትን፣ አሁን ደግሞ አርቲስቶች እንደገና እየተመለሱባቸው ያሉትን። ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

[ስክሪን ላይ፦ ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት፣ መሃሉ ላይ ነጭ የቅጠል ቅርፅ]

ይሄን ሰማያዊ የሆነ ቦታ አይታችሁታል። ሳያኖታይፕ ይባላል። ብዙ ሰው ፊልተር ወይ የተቀባ ቀለም ይመስለዋል፣ ግን ሰማያዊው እዛው ወረቀቱ ላይ የተፈጠረ የብረት ውህድ ነው፣ ሰዓሊዎች ፕሩሺያን ብሉ የሚሉት።

ወደ አሰራሩ ሳንገባ አንድ ነገር ልበል። የምትፈልጉት ፎቶው አሮጌ እንዲመስል ብቻ ከሆነ ስልካችሁ በሁለት ሰከንድ ይሰራላችኋል፣ ለዛ ብላችሁ እጃችሁን ኬሚካል ውስጥ አትክተቱ። እነዚህ ዘዴዎች የሚሰጧችሁ ሌላ ነገር ነው፣ ፎቶው ከምን እንደሚሰራ መምረጥ ትችላላችሁ። ከብረት ይሁን፣ ከብር፣ ከፕላቲነም፣ ከውሃ ቀለም ወይስ ከቅጠል? ዲጂታል ፕሪንት ላይ ይሄ ጥያቄ አይነሳም፣ የሰርግም ይሁን የጦርነት ፎቶ ያው ኢንክ ነው። እዚህ ግን ማቴሪያሉ ራሱ ሃሳብ ይይዛል፣ ወደ መጨረሻ አካባቢ በሰዎች ስራ አሳያችኋለሁ።

እሺ ታሪኩ። 1842 ላይ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል፣ በዋናነት የስነ ፈለክ ሰው ነው፣ ብርሃን ምን ምን ነገር እንደሚቀይር ሲሞክር ሲሞክር ሳያኖታይፕን አገኘ። ሰውዬው በነገራችን ላይ ለፎቶ የዋለው ውለታ ብዙ ነው፣ ሃይፖ የሚባለው ኬሚካል የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ 1819 ላይ ያወቀው እሱ ነው፣ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር በይፋ ሊታወጅ ገና 20 ዓመት ሲቀረው፣ በኋላ የብር ፎቶ ሁሉ እንዳይጠቁር ፊክስ የተደረገው በዛ ነው።

ሳያኖታይፑ ግን ስሙ የተነሳው በአና አትኪንስ ነው። የእጽዋት ተመራማሪ ነች፣ አባቷ የኸርሼል ወዳጅ ነበር። የባህር አልጌዎችን መመዝገብ ፈለገች፣ ግን አልጌ ደቃቅ ስለሆነ በእጅ ልክ አድርጎ መሳል አስቸጋሪ ሆነባት፣ ስለዚህ አልጌውን ራሱን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች። ካሜራ የለም። 1843 ላይ የመጀመሪያውን ክፍል አወጣች፣ ስራው እስከ 1853 ቀጠለ፣ በፎቶ የተሰራ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ ነው ዛሬ የሚጠራው። ጽሑፉም ሳይቀር የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ በሳያኖታይፕ የታተመ። እና እስቲ አስቡት፣ የባህር ነገር በውሃ ታጥቦ በሰማያዊ ሲወጣ። አስባበት ይሁን በአጋጣሚ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ዘዴውና ነገሩ ሲገጣጠሙ እንዲህ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት ጠርሙስ፣ ሰፊ ለስላሳ ብሩሽ፣ ወፍራም ወረቀት]

አሁን እጃችንን እናስገባ። ሁለት ኬሚካል ነው። አንዱ ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት፣ አረንጓዴው አይነት፣ 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሌላው ፖታሺየም ፌሪሲያናይድ፣ 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር። ለየብቻ ታስቀምጧቸዋላችሁ፣ ስትሰሩ ብቻ እኩል እኩል ታቀላቅላላችሁ። ሲያናይድ የሚለውን ሰምታችሁ የደነገጣችሁ ካላችሁ፣ እዚህ ውህድ ውስጥ ሲያናይዱ ከብረቱ ጋር ጥብቅ ብሎ የተያዘ ስለሆነ በተለመደው አሰራር አያሰጋም፣ ግን ከጠንካራ አሲድ ጋር እንዳታገናኙት፣ እሳት ላይም እንዳታሞቁት፣ እሱ ቀልድ የለውም።

ዳርክሩም አያስፈልግም። ኬሚካሉ የሚሰማው ዩቪ ብርሃንን ስለሆነ መጋረጃ የተዘጋበት ክፍል፣ ደብዘዝ ያለ ቢጫ አምፖል በቃ። ወረቀቱን አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች እያላችሁ ትቀባላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ኩሬ እንዳይሰራ። ሲደርቅ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። እዚጋ ትዕግስት፣ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ ኔጋቲቭ፣ ብርሃንና ጨለማው የተገለበጠ ፊልም ማለት ነው፣ ካስቀመጣችሁ ኔጋቲቩም ይበላሻል ፕሪንቱም ይዥጎረጎራል።

ከዛ ኔጋቲቩን ወይም ቅጠሉን ላዩ ላይ፣ ከላይ መስታወት፣ ወደ ፀሐይ። እዚህ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ምርጡ ክፍል ይሄ ነው። መጀመሪያ ቢጫው አረንጓዴ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዛ ይጠቁራል፣ ከዛ ድንገት ይገለበጥና ክፍት የሆነው ቦታ ግራጫ፣ የብረት ቀለም የሚመስል ነገር ይሆናል። አዲስ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል፣ ተበላሸ ብሎ ያነሳዋል። አልተበላሸም፣ እንደውም ደረሰ ማለት ነው። በጠራ የእኩለ ቀን ፀሐይ 10 ደቂቃ አካባቢ ሊበቃ ይችላል፣ ደመና ካለ ግን ግማሽ ሰዓትም ይፈጃል፣ ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ቀለሙን ተከተሉ።

ውሃ ውስጥ ስትከቱት ብርሃን ያልነካው ክፍል ቢጫ እየሆነ ይታጠባል፣ ብርሃን የነካው ግን ውሃ ማይፈታው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ውሃው ቢጫነቱ ጠፍቶ ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡ። መጀመሪያ ሲወጣ ፈዘዝ ይላል፣ በአንድ ቀን ውስጥ አየር እያገኘ ይጠልቃል፣ መጠበቅ የማይችል ሰው ደግሞ ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ውሃ ውስጥ ይነክረውና እዛው ፊቱ ላይ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆንለታል። ኬሚስትሪው ላይ ምንም ሚጨምረው ነገር የለም፣ ማፍጠን ብቻ ነው፣ ግን ሰው ፊት ስትሰሩ ያስጨበጭባል።

አሁን ብዙ ሰው ሚወድቅበት ቦታ። ፎርሙላው አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። ብዙ ጥሩ የሚባሉ የውሃ ቀለም ወረቀቶች እድሜያቸው እንዲረዝም ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮባቸዋል፣ እሱ ደግሞ አልካሊ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ ፕሩሺያን ብሉ ደግሞ አልካሊን አይወድም፣ በቃ ያጠፋዋል። ሰው ውድ ወረቀት ገዝቶ የነጣ ነገር ሲወጣበት ኬሚካሉን ይረግማል። ያልተጨመረበትን ወረቀት ፈልጉ። የቧንቧ ውሃችሁም አልካሊ ከሆነ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ወይ ሲትሪክ አሲድ ጣል አድርጉበት፣ መሃለኛ ቶኖቹም፣ በጥቁርና በነጩ መሃል ያሉት፣ ይተርፉላችኋል። ያለቀ ፕሪንትም ብርሃን ላይ ሲከርም ይደበዝዛል፣ ግን ይሄኛው ጉድ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ስታስቀምጡት አብዛኛው ቀለም ይመለሳል።

ሰማያዊ ካልፈለጋችሁስ? መጀመሪያ ሶዲየም ካርቦኔት ያለበት ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ቢጫ ታነጡታላችሁ፣ ከዛ ጠንከር ያለ ሻይ ውስጥ። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተያይዞ ቡናማ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ይሆናል። ወረቀቱም አብሮ ሻይ ሻይ ይላል፣ እሱን ካልወደዳችሁት ተዉት፣ እኔ አልወደውም።

ኔጋቲቩ ላይ አንድ ነገር ብቻ። እነዚህ ዘዴዎች ማጉላት አይችሉም፣ ለብርሃን ያላቸው ስሜት ቀርፋፋ ነው፣ ስለዚህ ኔጋቲቩ ፕሪንቱን ያክላል። ድሮ ሰው ትልቅ ካሜራ ይሸከም ነበር፣ አሁን ግን የስልክ ፎቶን ገልብጣችሁ ጥርት ያለ ላስቲክ ላይ በኢንክጄት ታወጣላችሁ። ስክሪን ላይ ያማረው ኮንትራስት እዚህ እንደማይሰራ ግን ከወዲሁ እወቁ፣ ለየዘዴው የራሱ ከርቭ፣ የብርሃንና የጥላ ማስተካከያ ማለት ነው፣ አለው።

ወደ ሌሎቹ እንለፍ። ሶልት ፕሪንት፣ የፎክስ ታልቦት ነው፣ 1830ዎቹ። ወረቀቱን ጨው ውሃ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ሲደርቅ ሲልቨር ናይትሬት ትቀባላችሁ፣ ሁለቱ ተገናኝተው ብርሃን የሚሰማው ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናሉ። ቀለሙ ሞቅ ያለ ቡናማ፣ ምስሉ ወረቀቱ ውስጥ የሰመጠ። ይሄ ልስላሴ ያልተመቸው ፈረንሳዊው ብላንካር ኤቭራር 1850 ላይ የእንቁላል ነጭ አመጣ፣ ወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይሰራና ምስሉ ከላይ ይቀመጣል፣ ጥርት ይላል። አልቡመን ይባላል፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፎቶ ብላችሁ ምታስቡት ያ ቢጫማ ቡናማ ነገር በአብዛኛው እሱ ነው። ፕላቲነም ደግሞ 1873፣ እንግሊዛዊው ዊሊያም ዊሊስ ፓተንት ያወጣበት፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ሽግግር የትኛውም ጋ አታገኙትም፣ ብረታ ብረቱም አይደበዝዝም፣ ችግሩ ዋጋው ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፕላቲነሙ ለጦር ኢንዱስትሪ ሲፈለግ ሰው ወደ ሌላ ብረት፣ ወደ ፓላዲየም የዞረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገም ባይክሮሜት ላይ ግን ልቆይ፣ የሰዓሊ ዘዴ ስለሆነ። ከግራር ዛፍ የሚገኘውን ሙጫ፣ የውሃ ቀለምና ብርሃን የሚሰማው ኬሚካል፣ ዳይክሮሜት፣ ታቀላቅላላችሁ። ብርሃን የነካው ሙጫ ይጠነክራል፣ ያልነካው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በራሱ እየሟሟ ይወርዳል፣ በብሩሽ ልታግዙት፣ የፈለጋችሁትን ልታጠፉ ትችላላችሁ። አንድ ድርብ ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ሌላ ቀለም፣ ከዛ ሌላ፣ በየመሃሉ ኔጋቲቩን እዛው ቦታው ላይ መልሳችሁ እያስቀመጣችሁ። ወረቀቱን አስቀድማችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካላኮማተራችሁት ሁለተኛው ድርብ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ኤድዋርድ ስታይከን 1904 ላይ ጨረቃ የምትታይበትን ኩሬ በፕላቲነም አትሞ ላዩ ላይ በገም ቀለም ደረበበት፣ የቀለም ፊልም ገበያ ላይ ሳይኖር። አንዱ ቅጂ 2006 ላይ በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል።

እና ያ ማቴሪያሉ ሃሳብ ይይዛል ያልኩት። ቢን ዳን የሚባል ቬትናም የተወለደ አሜሪካዊ አርቲስት አለ፣ የቬትናም ጦርነት ፎቶዎችን የሚያትመው ቅጠል ላይ ነው፣ ፖዚቲቭ፣ ማለትም ያልተገለበጠ ፊልም ያደርግበትና ፀሐዩ ክሎሮፊሉን እያነጣ የሰው ፊት ያወጣል። ያንን ፎቶ በኢንክ አስቡት፣ የለም፣ ስራው ራሱ የለም ማለት ነው። ክርስቲያን ማርክሌይ ደግሞ የተፈታ የካሴት ክር ትላልቅ ሳያኖታይፕ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ነው ያተመው፣ ጊዜው ያለፈበት የድምፅ እቃ ጊዜው ባለፈበት የፎቶ ዘዴ። ሁለቱም ጋ "ለምን በዚህ ዘዴ?" ብትሉ መልስ አለ። የራሳችሁን ስራ ስትጀምሩም ይሄን ጠይቁ፣ መልሱ "ያምራል" ብቻ ከሆነ ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና አስቡት።

ኬሚካል ጨርሶ መንካት ለማይፈልግ አንቶታይፕ አለ፣ የአበባ፣ የቀይ ስር ወይ የእርድ ጭማቂ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት። ፊክስ ማድረጊያ የለውም፣ ብርሃን ላይ ከሰቀላችሁት ቀስ እያለ ይጠፋል፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው።

ስለ ጥንቃቄ ሳልናገር አልሄድም። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፣ አይን ከገባ ደግሞ አይን ያጠፋል፣ ስለዚህ ጓንትና መነጽር፣ ድርድር የለም። የገሙ ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው፣ በተለይ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ፣ ስለዚህ ዱቄቱን ራሳችሁ ከመበጥበጥ ተበጥብጦ የሚሸጠውን ግዙ፣ ትራፊውን ሲንክ ውስጥ አትድፉ፣ በጠርሙስ አጠራቅማችሁ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል ስጡ። ለኬሚካል የተጠቀማችሁበት ሳህንና ማንኪያ ወደ ምግብ አይመለስም። ልጆች ካሉ ሳያኖታይፑም ላይ ቢሆን ኬሚካሉን እናንተ ቀቡ፣ እነሱ ቅጠል ይደርድሩ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የኔጋቲቩን ከርቭ ስክሪን ላይ ቁጭ ብለን እንሰራለን፣ እስከዛ ወረቀት ፈልጉ፣ ቻው።