ክለቡ አልፈረሰም

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንዲሁም አባት እናቶቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ልጆቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ተማሪነት ዘመናችን አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገርልን» ሲለኝ፣ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛሬዋ የስሎቬንያ ዋና ከተማ በሉብሊያና ስለነበርንበት የሮዥና ዶሊና የተማሪዎች መኖሪያ፣ ስለ ቋንቋው ፈተና፣ ስለ መጀመሪያው በረዶ እንደማወራ አስቦ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የመታሰቢያ መጽሔታችን ረቂቅ እጄ ገባ። ገጽ 23 ላይ ስለ መዝናኛችን የሚያወራ አንድ አንቀጽ አለ፤ ሲጨርስ እንዲህ ይላል፦ «እሑድ እሑድ የምንደግፈው የሉብሊያናው የእግር ኳስ ክለብ ኦሊምፒያ በ2005 ፈርሷል።»

የጻፈው ወንድሜ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። በክፋት እንዳልጻፈው አውቃለሁ፤ መዝገብ አይቶ ነው። ዛሬ የቆምኩት ከዚያ መዝገብ ጋር ለመሟገት ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ልጆቹ እንዲከተሉኝ ከቦታው ልነሳ። ኦሊምፒያ ይጫወትበት የነበረው ቤዢግራድ ስታዲየም ያኔ የቲቶ ጎዳና፣ ዛሬ ዱናይስካ በሚባለው መንገድ ዳር ነው። የነደፉት ዮዤ ፕሌችኒክ ናቸው፤ ጎን ለጎን የቆሙትን ሦስቱን ድልድዮች፣ የወንዙን ዳር ገበያ፣ ሁላችንም ለፈተና ያነበብንበትን ያን ቤተ መጻሕፍት የነደፉት እኚሁ ሰው። ከውጭ ስታየው ረጅሙ አጥር ከነዓምዶቹ የደብር ቅጥር ይመስልሃል። ውስጡ ግን እንደኛው ካታንጋ ነበር፤ ይዘፈናል፣ ይጮኻል፣ ይለቀሳል።

እኔ እዚያ የገባሁት በ1980 መኸር፣ የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ በሞቱ በስድስተኛው ወር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ስስ ኮት ነበር ላዬ ላይ። አጠገቤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ተቀምጠዋል። ስንቀጠቀጥ አይተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ብርድ ልብሳቸውን ግማሹን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉት፤ ከዚያ የፔርሙዛቸውን ክዳን በሻይ ሞልተው ሰጡኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ እዚያው ቦታ ሄድኩ። እሳቸውም እዚያው። እንዲህ እያልን ዓመታት ቆጠርን። እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ፤ «አጎት» እያልን ነበር የምንጠራቸው።

አጎት ስሎቬንኛዬን ያስተካከሉት በእግር ኳስ ነው። ክለቡ በ1965 ወደ ዩጎዝላቪያ አንደኛ ዲቪዚዮን እንዴት እንዳደገ፣ የሉብሊያናው ልጅ ብራንኮ ኦብላክ ኳስ ሲቀበል ሜዳው እንዴት ዝም ይል እንደነበር፣ ዳኒሎ ፖፒቮዳ ክንፍ ይዞ ሲሮጥ ተከላካዩ እንዴት ይወድቅ እንደነበር ይተርኩልኛል። ከሁሉ የሚወዱት ግን የ1970ን ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ኦሊምፒያ ለዩጎዝላቪያ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ዋንጫውን የቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ ወሰደው፤ ቀይ ኮከብ የሊጉም ሻምፒዮን ስለነበር ግን የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተሳትፎ ለኦሊምፒያ ደረሰው። ዕጣው ሲወጣ ተጋጣሚው ማን ሆነ? ቤንፊካ! የሊዝበኑ፣ የዩሴቢዮ ቤንፊካ! እዚያችው እኔና እሳቸው በተቀመጥንባት ሜዳ አንድ ለአንድ ወጡ። አጎት ይህን ሲተርኩ ቆመው ነው። ጎሏ የገባችበትን መረብ በጣታቸው ያሳዩኛል።

«መልሱስ ምን ሆነ?» እላለሁ። ሻይ ይቀዳሉ። «ሊዝበን ሩቅ ነው» ይላሉ፤ በቃ። የመልሱን ጨዋታ ያወቅሁት አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቆየ ጋዜጣ ሳገላብጥ ነው። ስምንት ለአንድ። ሳውቅም አልነገርኳቸውም።

አብረን ብዙ አየን። ስሬችኮ ካታኔትስ የሚባል መቃ የመሰለ ልጅ በ1981 ከታች መጥቶ ሲገባ አየን። ያ ልጅ ኋላ ከጣሊያኑ ሳምፕዶሪያ ጋር የሴሪ አ ሻምፒዮን ሆነ፤ አሠልጣኝ ሆኖም ስሎቬንያን ወደ ዩሮ 2000 እና ወደ 2002 የዓለም ዋንጫ ወሰዳት። በ1984 ደግሞ ክለቡ ከ19 ዓመት በኋላ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ አየን። የዚያን ዕለት አጎት ብርድ ልብሱን አጥፈው፣ «በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ነኝ» አሉኝ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው እኮ! ከቤልግሬድና ከስፕሊት ትልልቆቹ አይመጡም። እሳቸው ግን እዚያው ነበሩ፤ እኔም እስከተመረቅኩ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ከተመለስን በኋላ ያለውን በሬዲዮና በጋዜጣ ነው የተከታተልነው። በ1989 ክለቡ ተመልሶ አደገ። ሰኔ 25 ቀን 1991 ስሎቬንያ ነጻነቷን አወጀች፤ አሥር ቀን ተዋጋች። እኛም እዚህ በዚያው ዓመት የራሳችን ግንቦት ነበረብን፤ እንኳን ስለ ኳስ ስለ ነገም የምናስብበት ጊዜ አልነበረም። እነሱ ግን ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ወር፣ በነሐሴ፣ የራሳቸውን ሊግ ጀመሩ። 21 ክለቦች! ትናንት ከሃይዱክና ከቀይ ኮከብ ጋር ሲጫወት የነበረ ቡድን በአንድ ክረምት ውስጥ ወደ ትንንሽ ከተሞች ሜዳ ወረደ። ኦሊምፒያ የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች፣ ከ1992 እስከ 1995፣ በተከታታይ ወሰደ። በአውሮፓ መድረክ ኤሲ ሚላን በደርሶ መልስ ሰባት ቢያገባበትም ስሎቬንያ የምትባል አገር ሻምፒዮን ሆኖ ሳን ሲሮ የገባ የመጀመሪያው ክለብ እርሱ ነው። ከዚያ ዘመኑ የሌላዋ ከተማ ክለብ የማሪቦር ሆነ፤ ከ1997 እስከ 2003 ሰባት ጊዜ በተከታታይ። ቤዢግራድም ቢሆን የመጨረሻውን ታላቅ ምሽቱን ያየው በኅዳር 1999 ነው፤ ሚሌንኮ አቺሞቪች ከመስመሩ ጥግ፣ ከሩቅ፣ በዩክሬኑ በረኛ በሾቭኮቭስኪ አናት ላይ ያሳለፋት ኳስ ብሔራዊ ቡድኑን ለዩሮ አሳለፈችው።

አሁን ወደ 2005 ልምጣ። ክለቡ በዕዳ ተዘፈቀ። የ2004/05 ውድድር ዘመን ሲያልቅ ኦሊምፒያ የሚባል በመዝገብ የለም። በምትኩ ቤዢግራድ የሚባል ክለብ ተመሠረተ፤ የተጀመረውም ከአምስተኛ ዲቪዚዮን ነው።

በዚያ ዓመት መኸር ለሥራ ቪየና ሄጄ ነበር። ሁለት ቀን ቀረኝና በባቡር ወደ ሉብሊያና ወረድኩ። አጎት በሕይወት ነበሩ። ሰባ አምስት ሆኗቸዋል። «ጨዋታ አለ» ብለው ከከተማ ወጣ ወዳለች መንደር ወሰዱኝ። ሜዳው ዳር በገመድ ታጥሯል፤ መቀመጫ የለም። እዚያ የቆመው ሕዝብ ግን ያው ሕዝብ ነው። ያው አረንጓዴና ነጭ ሻርፕ፣ ያው ዘፈን፣ በ1988 የተመሠረቱት ያው «አረንጓዴ ዘንዶዎች»፤ የከተማዋን ዘንዶ ባንዲራቸው ላይ ይዘው የቆሙ። እኔ ሞኙ ጠየቅኋቸው፦ «አጎት፣ ይህ ኦሊምፒያ ነው ወይ? ሌላ ክለብ ነው ይላሉ እኮ።»

አየት አደረጉኝ። ከዚያ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሊዝበን ተናገሩ። «ስምንት ሲገባብን» አሉ፣ «ይህ ሌላ ክለብ ነው ብሎ ያጽናናን አልነበረም።»

ወገኖቼ! እኔ ከዚህ በላይ የሕግ ክርክር አላውቅም። ሽንፈቱ የእኛ ሲሆን ድሉ የማን ሊሆን ነው? ያ ቡድን በየዓመቱ እያደገ፣ አራት ዓመት በተከታታይ፣ በ2009 አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። በ2008 ኦሊምፒያ ሉብሊያና የሚለውን ስሙን መልሶ ያዘ። በ2016፣ በ2018፣ በ2023፣ በ2025 ሻምፒዮን ሆነ። የስሎቬንያ እግር ኳስ ማኅበር መዝገብ ግን ዛሬም እነዚህን አራት ዋንጫዎች ለብቻ፣ የ1990ዎቹን አራቱን ለብቻ ይቆጥራል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የማን ናቸው? የማንም! ሕጋዊ ወራሽ የላቸውም ተባለ። የአንድ አገር ሊግ የመጀመሪያዎቹ አራት ዋንጫዎች ባለቤት የሌላቸው ዕቃዎች ሆነው ቀሩ ማለት ነው! ሰው እያለ፣ ዘፈኑ እያለ፣ ማልያው እያለ!

ደግሞስ ከ1962 በፊት ክለቡ ኦድሬድ ተብሏል፣ ትሪግላቭ ተብሏል። ያኔ ስም በተቀየረ ቁጥር «ሞተ» ያለ ማን ነበር? ስሙ ሲቀየር ያልተቆረጠ ታሪክ፣ ስሙ ሲመለስ ይቆረጣል?

ማሪቦር የተማራችሁት ወንድሞቼ የምትሉኝን አውቃለሁ፤ ዛሬ ጠዋትም በር ላይ ብላችሁኛል። «ዋንጫውን የሚወርስ ዕዳውን ይውረስ» ትላላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አልሸሸውም። ደመወዙን ላጣ ሰው ዘፈን መልስ አይሆነውም። ነገር ግን ዕዳውን የፈጠረው ማን ነው? በገመድ የታጠረ ሜዳ ዳር ቆሞ የዘነበበት ሰው ነው? ፈርመው የሄዱት ሄዱ፤ ቅጣቱን በአራት ዓመት የተቀበለው የቀረው ነው። የቀረው ሰው ደግሞ ገንዘብ አልጠየቀም። ስምንት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነናል ብሎ እንዲቆጥር እንዲተዉት ብቻ ነው የጠየቀው።

ይህ የሉብሊያና ብቻ ጉዳይ አይደለም። ኮፐር በ2010 ሻምፒዮን ሆኖ በ2017 ፈቃድ ተነፍጎ ከታች ጀመረ። የሙርስካ ሶቦታው ሙራ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈርሷል፤ የዛሬው በ2012 የተመሠረተው ነው። በ2021 ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ቶተንሃምን፣ ሃሪ ኬን ሜዳ ላይ እያለ፣ በባከነ ሰዓት በአማዴይ ማሮሻ ጎል ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ያን ሌሊት የዘፈነው የሙርስካ ሶቦታ ሽማግሌ ክለቡ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ብላችሁ ልትነግሩት ትችላላችሁ? እኔ አልችልም።

ልጆች፣ የበረኛው ያን ኦብላክ ደጋፊዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ አትሌቲኮ ማድሪድን በቴሌቪዥን ስታዩ ስሙን ስትጠሩ እሰማለሁ። ያ ልጅ የአንደኛ ዲቪዚዮን በር የተከፈተለት በ2009 ነው፤ ኦሊምፒያ ገና ከታች እንደወጣ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ። በ2010 የገዛው ማን መሰላችሁ? ቤንፊካ! ከብራንኮ ኦብላክ ጋር ዘመድ አይደሉም። አንድ ከተማ፣ አንድ ማልያ፣ አንድ ስም ብቻ። በመዝገቡ መሠረት ግን ሁለቱ ለአንድ ክለብ ተጫውተው አያውቁም።

ማሪቦሮችን ሳላመሰግን ብወርድ ግፍ ነው። አንቴ ሺሙንጃ በ1999 ኪየቭ ላይ ዲናሞን በሻምፒዮንስ ሊግ ያሸነፈችውን ጎል አገባ፤ በ2014 ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ሴልቲክን ጥሎ ክለቡን ወደዚያው ምድብ መለሰው፤ ከቼልሲም አንድ ለአንድ ወጡ። 16 ዋንጫ አላችሁ። ማንም አንዷን እንኳ ከእናንተ ላይ አልቀነሰም። ለዚህ ነው ነገሩ እኛን እንደሚያመን የማይሰማችሁ።

ሊጉ ዛሬ 10 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አራት ጊዜ ይገናኛል። ኦሊምፒያ ከ2010 ጀምሮ የሚጫወተው 16 ሺህ ያህል ሰው በሚይዘው በስቶዢትሴ ነው። ጥሩ ስታዲየም ነው። ቤዢግራድ ግን ተዘግቶ ቀረ። ባለፈው ስሄድ በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ እኔና አጎት እንቀመጥበት የነበረው ደረጃ ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል። በአጥሩ ክፍተት ወደ ውስጥ ሳይ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «ምን ታያለህ?» አለኝ። «ቦታዬን» አልኩት። ሻርፑን አየሁት፤ አረንጓዴና ነጭ ነው። ከዚያ እሱ ራሱ ስለ 1970 ይተርክልኝ ጀመር። ያኔ አባቱም ገና ልጅ ነበሩ። አንድ ለአንድ መውጣታችንን ነገረኝ፤ ሊዝበን ላይ ሲደርስ ግን እሱም ዝም አለ።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የማኅበሩን መዝገብ ከዚህ ሆነን መቀየር አንችልም። መጽሔቱ ግን የእኛ ነው። «ፈርሷል» የሚለው ቃል ይውጣ። ረቂቁን በሩ አጠገብ፣ ከቡናው ረከቦት ጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ገጽ 23፣ ከታች ሦስተኛው መስመር። እስክሪብቶም አለ።

አመሰግናለሁ።