ሣሩ ከመተከሉ በፊት ቱቦው ይያዝ

የተከበራችሁ የሰፈራችን እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ!

እኔ ቀበና ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ባለፈው ሳምንት ከድልድዩ ስር ወርጄ ነበር። ክረምት ላይ ጎርፉ የት እንደደረሰ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ፌስታሉ ከሰው ቁመት በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እዚያው ከአጥር ስር የወጣ ቱቦ አለ። ጠብ ጠብ ሲል ቆይቶ ድንገት ይለቀዋል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው።

ያን ቱቦ ያወጣው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። የፍሳሽ መስመሩ ደጁ አልደረሰም። መምጠጫ መኪናም በዚያች ጠባብ መንገድ አይገባም። ታዲያ ምን ያድርግ?

ይህ ውሃ ከእንጦጦ ሲነሳ እንዲህ አልነበረም። ከተማውን አቋርጦ ትልቁ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አባ ሳሙኤልን እምቦጭ የወረሰው ለምን ይመስላችኋል? የእኛ ፍሳሽ ማዳበሪያ ሆኖለት ነው። በአቃቂ ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን ይለማል። አትክልቱ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል። ከላይ የለቀቅነውን እኛው በሳህን እንቀበለዋለን።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የተነሳ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ልጆች የሚሮጡበት ሣር፣ አረጋውያን አረፍ የሚሉበት ወንበር ማን ይጠላል? ግን ውሃው ከሸተተ ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም። ስለዚህ አደራ፣ መጀመሪያ ቱቦው ይያዝ!

ሴኡል ውስጥ ቾንግጌቾን የሚባል ወንዝ አለ። በኮንክሪት ተደፍኖ በላዩ የመኪና መንገድ ተሠርቶበት ነበር። ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ መንገዱን አፍርሰው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መልሰው አወጡት። ዛሬ ሰው እግሩን ነክሮ ይቀመጥበታል። አብዛኛው ውሃ ግን ከሃን ወንዝ በፓምፕ ተስቦ የሚመጣ ነው። እኛ ተራራው ራሱ ይልክልናል። የላከልንን ሳናቆሽሽ ማሳለፍ ነው የቀረን።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከድልድዩ ተነስተን ሽቅብ እንሄዳለን። ቱቦ ባገኘን ቁጥር ቀለም እንቀባለን፣ እንቆጥራለን። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዝርዝሩን ይዘን ወረዳ ገብተን መስመር ይዘርጋልን ለማለት ነው። ቀለሙን እኔ አመጣለሁ። እናንተ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።