ስታሸንፍ የምትጠረጠር ልጅ

ሀ፦ ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናወራው ስለ እስያ ሴት ስፖርተኞች ነው፤ ሲያሸንፉ ስለሚባልባቸው ነገር። ከየት እንጀምር?

ለ፦ ከለንደን ኦሊምፒክ፣ በፈረንጆቹ 2012። ዬ ሺዌን ትባላለች፤ ቻይናዊት ዋናተኛ ናት። ያኔ 16 ዓመቷ ነው። በ400 ሜትር ድብልቅ ዋና፣ አራቱ የዋና ስልቶች በየተራ በሚዋኙበት ውድድር፣ በ4 ደቂቃ ከ28.43 ሰከንድ ወርቅ ወሰደች፣ የዓለም ሪከርድም ሰበረች። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ዶፒንግ፣ የተከለከለ አበረታች መድኃኒት፣ ሆነ።

ሀ፦ የመጨረሻዋ 50 ሜትር ናት ጉድ ያፈላችው።

ለ፦ አዎ። በ28.93 ሰከንድ ጨረሰቻት። በዚያው ቀን በወንዶቹ ያሸነፈው አሜሪካዊው ራያን ሎክቲ በ29.10 ነው የጨረሳት። «ሴት እንዴት ከወንድ ትፈጥናለች?» ተባለ። ግን ሎክቲ ሙሉውን 400 ሜትር ከእሷ 23 ሰከንድ ገደማ ባነሰ ጊዜ ነው የዋኘው! ርቆ እየመራ ስለነበር መጨረሻ ላይ የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረም። እሷ ደግሞ ከኋላ ተነስታ እያሳደደች ነበር። ይህን ማንም ሊያስረዳ አልፈለገም።

ሀ፦ ልከራከርሽ። ጥርጣሬው ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። በ1990ዎቹ ብዙ የቻይና ዋናተኞች በዶፒንግ ተይዘዋል።

ለ፦ ልክ ነህ፣ አልክድም። ያኔ ግን ይህቺ ልጅ ገና ሕፃን ነበረች። የእነሱን ዕዳ ለምን ትከፍላለች? ምርመራዋ ንጹህ ነበር። የብሪታንያ ኦሊምፒክ ማኅበር ሊቀመንበርም ንጹህ ናት ብለው በይፋ ተናገሩ። በዚያው ኦሊምፒክ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌዴኪ በ15 ዓመቷ 800 ሜትር አሸንፋለች። እሷ ላይ እንዲህ ያለ ዘመቻ አልተከፈተም።

ሀ፦ እኛም ቤት እኮ ደርሷል። ሪዮ 2016፣ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ስትጨርስ ስንት ነገር ተባለባት! የሰበረችው ደግሞ የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን የ1993 ሪከርድ ነው።

ለ፦ ደማችን ፈላ። የእኛ ልጅ ናታ! ግን ያኔ የተቆጣን ሰዎች ስለ ቻይናዊት ሲወራ «እነሱማ ያው ናቸው» ስንል እሰማለሁ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ለአልማዝ የጠየቅነውን ፍርድ ለሌላዋም መጠየቅ አለብን።

ሀ፦ ደግሞ ነገሩ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የደቡብ ኮሪያዋን አን ሳንን ያስቀየሟት የገዛ አገሯ ሰዎች ናቸው።

ለ፦ የቀስት ተወዳዳሪዋ! ቶኪዮ ላይ፣ በ2021 ክረምት። 20 ዓመቷ ነው። ሁለት ወርቅ አግኝታለች፣ የግል ውድድሯ ይቀራታል። በዚህ መሃል ኢንተርኔት ላይ ወንዶች ተነሱባት። ምክንያቱ ምን መሰለህ? ፀጉሯ አጭር ነው። «ፌሚኒስት ናት፣ ሜዳሊያዋን ትመልስ» እስከማለት ደረሱ።

ሀ፦ ስለ ፀጉር!

ለ፦ ስለ ፀጉር። ብዙ ኮሪያውያን ሴቶች ግን አጭር ፀጉራቸውን ፎቶ እያነሱ ለጠፉላት። ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ሀ፦ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው እንግዲህ ለፍጻሜ የቀረበችው።

ለ፦ ከሩሲያዊቷ ኤሌና ኦሲፖቫ ጋር እኩል ወጡና አንድ አንድ ቀስት ብቻ ቀረ። ቴሌቪዥኑ የልብ ምታቸውን ያሳያል። የኦሲፖቫ 160 አልፏል፣ የአን ሳን 120 አልሞላም። የእስያ ሴቶች እንዲህ ሲረጋጉ ደግሞ «ሮቦት ናቸው፣ ስሜት የላቸውም» ይባላሉ። ቢያለቅሱ ደካማ፣ ባያለቅሱ ማሽን። መረጋጋት እኮ ለዓመታት የሚለመድ ሙያ ነው። ሌላው ሲረጋጋ ጀግና እንለው የለ?

ሀ፦ አድማጮቻችን፣ ያቺን የመጨረሻ ቀስት ፈልጋችሁ እዩዋት።

ለ፦ እዩዋት። ኦሲፖቫ 8 መታች፣ አን ሳን 10። ሦስተኛ ወርቋን ወሰደች።